ከሃርት አታክ በኋላ ሲአርፒን ከደም ለቅሞ ማውጣት፦ ለምን ታሰበ? ይሠራል ወይ?

የተዘጋው የልብ ደም ሥር ተከፍቷል። ክፍት አድርጎ የሚይዘው ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንቱ፣ ገብቷል። ደሙ መሄድ ጀምሯል። ሕመምተኛው «ደረቴን ለቀቅ አደረገኝ» ይላል፤ በር ላይ የቆመው ቤተሰብም እፎይ ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ደም ይቀዳል። ትናንት ሲገባ 4 የነበረው አንድ ቁጥር ዛሬ 40 ሆኗል እንበል። በሦስተኛው ቀን 100 ቢያልፍ ብርቅ አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው ሲአርፒ የሚባል ፕሮቲን ነው። ትኩሳት ይዟችሁ ወይም መገጣጠሚያ አሟችሁ ከተመረመራችሁ የላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም።

ሐኪሞች ይህን ቁጥር ለብዙ ዘመን ያዩት የነበረው እንደ ምስክር ነው። «እዚህ ሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር አለ» ብሎ ይናገራል፤ ሥራው በዚያ ያበቃል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ምስክሩን ራሱን መጠርጠር ጀመሩ። ልብ ላይ ከደረሰው ጉዳት የተወሰነው የእሱ እጅ ያለበት ቢሆንስ? ከሆነ ደግሞ ከደም ውስጥ ለቅመን ለምን አናወጣውም?

ማውጣቱ ተችሏል። ማሽኑ አለ፤ ሰው ላይም ተሞክሯል። የሚያከራክረው ሌላ ነገር ነው፦ ሲአርፒው ሲወጣ ልቡ ይተርፋል ወይ? (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃርት አታክ ሲባል ልብ ላይ የሚሆነው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ብዙ ሰው «የልብ ድካም» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። የልብ ድካም ማለት ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ሲቀንስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ለዓመታትም ይቆያል። ሃርት አታክ ድንገተኛ ነው። ልብን ራሱን የሚመግብ ደም ሥር ይዘጋል፤ ከመዝጊያው ወዲያ ያለው ጡንቻ ያለ ኦክስጅን ይቀራል።

ልብ ቀኑን ሙሉ በደም ተሞልቶ ይውላል፤ ግድግዳው ግን ከዚያ ደም አይጠጣም ማለት ይቻላል። የራሱ ቀጫጭን ደም ሥሮች አሉት፤ ላዩ ላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥመው የሚወርዱ። ከእነዚህ በአንዱ ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት ስብ ሲጠራቀም ይቆይና አንድ ቀን ሽፋኑ ይቀደዳል። ደሙ ቁስል ያገኘ መስሎት እዚያው ይረጋል። መንገዱ ይዘጋል።

ጡንቻው በአንዴ አይሞትም። የማይመለስ ጉዳት የሚጀምረው ደም ከተቋረጠ 20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ሞቱ ከግድግዳው ውስጠኛ ክፍል ይነሳና በሰዓታት ውስጥ ወደ ውጭ ይስፋፋል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ብናየው ሦስት ዓይነት ሴሎች እናገኛለን፦ የሞቱ፣ ጤነኛ የሆኑ፣ በመካከል ደግሞ የተጎዱ ነገር ግን ያልሞቱ። ይህን መካከለኛውን ክፍል ያዙልኝ። የጽሑፉ ጉዳይ በሙሉ እዚያ ነው።

የሞተ የልብ ጡንቻ ተመልሶ አያድግም፤ ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል። ጠባሳ ግድግዳውን ያጠነክራል እንጂ አይኮማተርም። ጠባሳው በሰፋ ቁጥር ልብ ደም የመግፋት አቅሙን ያጣል። ሃርት አታክ ብዙ ጊዜ በኋላ የልብ ድካም የሚያመጣውም በዚህ መንገድ ነው።

ደም ሥሩ ከተከፈተ ጉዳቱ አይቆምም እንዴ?

ትልቁ ጉዳት ይቆማል። በ1977 አንድሪያስ ግሩንትዚግ የተባለ ሐኪም ዙሪክ ውስጥ የጠበበ የልብ ደም ሥር በትንሽ ፊኛ ከፈተ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሠራው ሥራ ከዚያ የመጣ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶችም አሉ። እስካሁን የልብ ጡንቻን በማትረፍ ከዚህ የሚስተካከል አልተገኘም።

ሆኖም ከተከፈተ በኋላ የሚቀጥል ነገር አለ። አንደኛው የደሙ መመለስ ራሱ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው ድንገት ጠግቦ ሲበላ እንደሚታመመው፣ ኦክስጅን የተራበ ሴልም ኦክስጅን በአንዴ ሲጎርፍበት የተወሰነ ጉዳት ይደርስበታል። ሁለተኛው ብግነት ነው።

ብግነት የሚለው ቃል ከከበዳችሁ ቁስልን አስቡ። ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲሞቅ «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። ያው ነው። የሞተ ሴል ሲፈነዳ ውስጡ የነበረው ሁሉ ወደ ውጭ ይፈሳል። ሐኪሞች ሃርት አታክን ለማረጋገጥ የሚለኩት ትሮፖኒንም ከዚያ የሚፈስ ነው። ሰውነት ይህን ሲያይ የአደጋ ደወል ይደውላል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። ማክሮፋጅ የሚባሉት ደግሞ በቀጣዮቹ ቀናት ይበዛሉ፤ የሞተውን እየዋጡ ያነሳሉ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጠባሳ ይሠራል።

ይህ ጽዳት የግድ ነው። የሞተው ካልተነሳ ጠባሳ በደንብ አይያዝም። ጠባሳ ካልያዘ ግድግዳው ይሳሳል፤ አልፎ አልፎም ይቀደዳል። ስለዚህ «ብግነት መጥፎ ነው፣ እናጥፋው» የሚባል ቀላል ነገር የለም። ችግሩ አጽጂዎቹ ሲያጸዱ ያልሞተውንም ይዘው መሄዳቸው ነው።

ሲአርፒ ከየት መጣ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከሳንባ ምች ነው። በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ዊልያም ቲሌት እና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች የያዛቸውን ሰዎች ደም ይመረምሩ ነበር። ከባክቴሪያው ከተለዩት ክፍሎች አንዱ «ሲ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። የታማሚዎቹ ሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ፣ ከዚህ ክፍል ጋር ሲቀላቀል ይደፈርሳል። ሰዎቹ ሲያገግሙ ደግሞ መደፍረሱ ይቀራል። ደሙ ውስጥ ያለው ያ ነገር «ለሲ ምላሽ የሚሰጥ ፕሮቲን» ተባለ። ሲአርፒ የእሱ አሕጽሮት ነው።

የሚሠራው በዋናነት ጉበት ውስጥ ነው። አምስት አንድ ዓይነት ቁራጮች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ነው፤ አምስት ቅጠል ያላት አበባ ትመስላለች። የተጎዳው ክፍል ኢንተርሊውኪን-6 የሚባል መልእክተኛ ወደ ደም ይለቃል፤ መልእክቱ ጉበት ሲደርስ ምርቱ ይጀመራል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ5 ሚሊግራም በታች ነው። ከጉዳት በኋላ መነሳት የሚጀምረው ወደ 6 ሰዓት ገደማ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ደግሞ በሁለተኛው ቀን አካባቢ። በከባድ ኢንፌክሽን ብዙ መቶዎች ይገባል።

አንድ ባሕርይው በተለይ ደስ ይለኛል። ሲአርፒ ከደም የሚጠፋበት ፍጥነት በጤነኛም በታማሚም አንድ ነው። ምርቱ ቢቆም በየ19 ሰዓቱ ግማሹ ይጠፋል። በርሜል አስቡ፤ ከላይ ቧንቧ አለው፣ ከታች ቀዳዳ። ቀዳዳው አይሰፋም፣ አይጠብም። ውሃው ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው በላይኛው ቧንቧ ብቻ ነው። ቧንቧው ጉበት ነው። ይህችን በርሜል አትርሷት፤ ማሽኑ ጋ ስንደርስ ትመለሳለች።

ታዲያ ልብን እንዴት ይጎዳል ተባለ?

አንድ ሰፈር በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ እንበል። የፈረሱ ቤቶች አሉ። ምንም ያልሆኑም አሉ። ሌሎቹ ግድግዳቸው ተሰንጥቋል እንጂ ቆመዋል፤ ቢጠገኑ ሰው ይኖርባቸዋል። አሁን ፍርስራሽ የሚያነሳ ግብረ ኃይል ይመጣል። ከፊቱ አንድ ሰው ቀይ ቀለም ይዞ ይዞራል፤ የሚነሳው ቤት ላይ ምልክት ያደርጋል። ከኋላ የሚመጣው ዶዘር አይጠይቅም፤ ምልክት ያየበትን ይገፋል።

ቀለም ቀቢው ሲአርፒ ነው።

የጤነኛ ሴል ሽፋን ውስጥ ፎስፎኮሊን የሚባል ነገር አለ፤ ግን ለሲአርፒ በማይመች ሁኔታ ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው። ሴሉ ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲጨነቅ ሽፋኑ ይለወጥና ፎስፎኮሊኑ ይጋለጣል። አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ላያቸው ላይ ይህንኑ ይይዛሉ። ሲአርፒ በዋናነት የሚያውቀው ይህን ነው። ያየበት ላይ ይለጠፋል። ከተለጠፈ በኋላ ኮምፕሊመንት የሚባለውን የደም ፕሮቲኖች ቡድን ይጠራል። ይህ ቡድን አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ሴል ሊበሳ ይችላል፤ ዋጪ ሴሎችንም ይስባል።

ባክቴሪያ ላይ ሲሆን ግሩም ሥራ ነው። የሞተ ሴል ላይም ጥሩ ነው፤ ይነሳል። ግን ያ መካከለኛው ሴልስ? ኦክስጅን ተቋርጦበት ሽፋኑ የተዛባ፣ ደም ተመልሶለት ሊያገግም የነበረ? እሱም ፎስፎኮሊኑን አጋልጧል። ቀቢው የተሰነጠቀውን ከፈረሰው አይለይም። ምልክቱን አድርጎ ያልፋል፤ ሴሉም ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል።

ይህ ወሬ ነው ወይስ የታየ ነገር?

በደረጃ ታይቷል። በ1997 አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች በሃርት አታክ የሞቱ ሰዎችን ልብ መረመሩ። ሲአርፒውን ያገኙት በተጎዳው ክፍል ላይ ነበር፤ አጠገቡም ኮምፕሊመንት። ቀቢውና ዶዘሩ አንድ ቤት ደጅ ላይ ተያዙ ማለት ነው። ያም ሆኖ በቦታው መገኘት ወንጀለኛ አያሰኝም። ሬሳ ሊያነሳ የመጣም እዚያው ነው የሚገኘው።

በ1999 ነገሩ ከበደ። ለንደን ውስጥ የአይጦችን የልብ ደም ሥር አስረው የሰው ሲአርፒ ወጓቸው። የሞተው የልብ ክፍል ካልተወጉት ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ ገደማ ሰፋ። ኮምፕሊመንቱን አስቀድመው ሲያስወግዱት ግን ሲአርፒው ምንም አላመጣም። በ2006 ደግሞ እዚያው ያሉ ሰዎች ሲአርፒን የሚያስር ትንሽ መድኃኒት ሠርተው ለአይጦች ሰጡ፤ ተጨማሪው ጉዳት ቀረ። አሁን ምስክሩ ተጠርጣሪ ሆኗል።

በሌላ በኩል አንድ ትልቅ ተቃውሞ አለ። ከውልደታቸው ጀምሮ በዘር ምክንያት ሲአርፒያቸው ትንሽ ከፍ ያለ ሰዎች አሉ። ሲአርፒ የልብ በሽታ የሚያመጣ ቢሆን እነዚህ ሰዎች ከሌላው በላይ መታመም ነበረባቸው። በ2011 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጣመረ ምርመራ ይህን አላገኘም። ይህን ይዘው «ሲአርፒ ንጹሕ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሁለት ጥያቄ የተደባለቀ ይመስለኛል። አንደኛው፣ ሲአርፒ ደም ሥር እንዲደፈን ያደርጋል ወይ? መልሱ አያደርግም ወደሚለው ያዘነብላል። ሁለተኛው፣ ደም ሥር ከተደፈነ በኋላ የተጎዳውን ጡንቻ ያባብሳል ወይ? የዘር ጥናቱ ይህን አልመለሰም። እሳቱን ያላስነሳ ሰው ቤንዚን ሊጨምርበት ይችላል።

ከደም ውስጥ እንዴት ይወጣል?

ዘዴው አፌሬሲስ ይባላል፤ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፣ «መውሰድ፣ ማንሳት» ማለት ነው። አዲስ ነገር አይደለም። በዘር የመጣ ከባድ ኮሌስትሮል ያለባቸው ሰዎች በየጊዜው ኮሌስትሮላቸውን በዚህ መንገድ ያስወጣሉ። የኩላሊት እጥበት የሚደረግለትን ሰው አይታችሁ ከሆነ ምስሉ ይቀራረባል።

ሕመምተኛው አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። በአንዱ ክንድ መርፌ ይገባል፤ ደም በቀጭን ቱቦ ወደ ማሽኑ ይወጣል። መንገድ ላይ እንዳይረጋ ሲትሬት ወይም ሄፓሪን ይጨመርበታል። ማሽኑ ውስጥ ደሙ ሁለት ቦታ ይለያል። ቀዩ ክፍል፣ ማለትም የደም ሴሎቹ፣ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። የቀረው ፕላዝማ ነው። ቀለሙ ቢጫ ነው፣ ጠራ ያለ፣ በቱቦው ውስጥ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ሲአርፒው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ፕላዝማው አንድ ሲሊንደር ውስጥ ያልፋል። ሲሊንደሩ አጋሮስ በሚባል ነገር በተሠሩ ደቃቅ ፍሬዎች የተሞላ ነው። ፍሬዎቹ ላይ ማጥመጃ ተለጥፏል። ማጥመጃው ምን ይመስላችኋል? ከፎስፎኮሊን የተሠራ ነገር። ሲአርፒ የተጎዳ ሴል ያገኘ መስሎት እዚያ ላይ ይጣበቃል፤ ሌላው ፕሮቲን ያልፋል። ቀቢውን በሐሰተኛ ቤት ማታለል ነው። ብልህ ነው፤ ሳላደንቅ አላልፍም። ሲአርፒ የተቀነሰለት ፕላዝማ ከቀዩ ደም ጋር ይቀላቀልና በሌላው ክንድ ይመለሳል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ትንሽ ደም ነው፤ ሰውየው ባዶ አይሆንም።

ይህ ሰዓታት ይወስዳል። አዋቂ ሰው 3 ሊትር ገደማ ፕላዝማ አለው። ጀርመን ውስጥ በተደረገው ሙከራ በአንድ ዙር ወደ 6 ሊትር የሚጠጋ ፕላዝማ ነው በሲሊንደሩ ያለፈው፤ ማለትም ያው ፕላዝማ ሁለት ጊዜ ያህል ተዟዙሯል።

አሁን በርሜሏ ትምጣ። አፌሬሲስ የላይኛውን ቧንቧ አይዘጋም። በጣሳ ቀድቶ መድፋት ነው። ማሽኑ ሲነቀል ጉበት ሥራ ላይ ነው፤ ቁጥሩም ተመልሶ ይወጣል። ለዚህ ነው በማግስቱ ሁለተኛ ዙር የሚያስፈልገው፣ አንዳንዴም ሦስተኛ። ቶሎ መጀመር የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። ሲአርፒው አንዴ ሴሎቹ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በደም ውስጥ የቀረውን መልቀም የፈሰሰ ውሃ ማፈስ ይሆናል።

ሰው ላይ ሲሞከር ምን ታየ?

መጀመሪያ አሳማ ላይ ነው የተሞከረው። በ2015 በወጣ ጥናት ሃርት አታክ እንዲይዛቸው የተደረጉ አሳማዎች ሲአርፒያቸው ሲለቀም የሞተው የልብ ክፍል ጠበበ፤ ልባቸውም ደም በመግፋት ተሻለ። የአሳማ ልብ ከአይጥ ልብ ይልቅ ለሰው ይቀርባል፤ ስለዚህ ተስፋ ተጣለ።

ከዚያ ካሚ-1 የተባለው ሙከራ መጣ። ጀርመን ውስጥ ነው፤ ውጤቱ የወጣው በ2021 ነው። 83 ሰዎች ተሳተፉ። 45ቱ ከስቴንታቸው በተጨማሪ አፌሬሲስ ተደረገላቸው፤ 38ቱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። አፌሬሲሱ የተጀመረው ሕመሙ ከጀመረ አንድ ቀን ገደማ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ዙር ሲአርፒውን በአማካይ በግማሽ ገደማ ቀነሰው። ሕመምተኞቹም በደንብ ቻሉት። በነገራችን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልቡ ትናንት የተጎዳን ሰው ለሰዓታት ማሽን ላይ ማዋል ያስፈራ ነበር።

ቀጥሎ በኤምአርአይ የሞተው የልብ ክፍል ተለካ። ሁለቱ ቡድኖች እንዲሁ ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው እርግጠኛ የሚያደርግ ሆኖ አልተገኘም።

ተመራማሪዎቹ ግን አንድ ነገር ጠቆሙ። ማሽን ባልነካቸው ሰዎች ላይ ሲአርፒው በከፍታ በወጣ ቁጥር ጠባሳውም ሰፊ ነበር። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። አፌሬሲስ በተደረገላቸው ላይ ይህ ትስስር ጠፋ። ትርጉሙ? እነሱ «ሲአርፒውን ስናወጣው ጉዳት ማድረሱ ተቋረጠ» ብለው አነበቡት። ሊሆን ይችላል። የሚያጠግብ ማስረጃ ግን አይደለም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሰዎቹ ወደ ሁለቱ ቡድኖች የተመደቡት በዕጣ አልነበረም። ዕጣ ለምን ይጠቅማል? ማን ማሽን ላይ እንደሚወጣ ሰው ሲመርጥ ሳያስበው ያዳላል። አንዱ ገና ሲያዩት ጠንከር ያለ ነው፤ ሌላው ሲአርፒው በጣም ስለጨመረ ተመረጠ። በኋላ ልዩነት ቢታይ ወይም ባይታይ፣ ከሕክምናው ይሁን ከምርጫው አይለይም። ዕጣ ይህን አድልዎ ይሰብራል። ሌላም አለ፦ ሲሊንደሩን የሚሠራው በርሊን አጠገብ ሄኒግስዶርፍ የሚገኘው ፔንትራኮር የተባለ ኩባንያ ነው፤ በአሳማውም በሰውም ጥናት ከኩባንያው ጋር የተያያዙ ተመራማሪዎች ገብተዋል። ይህ ውጤቱን ውሸት አያደርገውም። ሆኖም ገለልተኛ እጅ ሲደግመው ማየት ይፈለጋል። ኦስትሪያ ውስጥ ኢንስብሩክ ያሉ የልብ ሐኪሞች ሕመምተኞችን በዕጣ የሚመድብ ሙከራ ያዘጋጁት ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ማሽን ከሚሆን መድኃኒት አይሻልም?

ብግነትን በመድኃኒት ለማብረድ ብዙ ተሞክሯል። ታሪኩ ግን ትሕትና የሚያስተምር ነው።

ዶዘሩን እናስቁም ያሉ ነበሩ። ፔክሴሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ኮምፕሊመንትን ያግዳል። ከ5,700 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2007 ውጤቱ ሲወጣ ሞትን አልቀነሰም። ወረቀት ላይ የሚያምር ሐሳብ ነበር።

ቧንቧውን እንዝጋ ያሉም አሉ። ቶሲሊዙማብ የኢንተርሊውኪን-6ን መልእክት ያግዳል፤ ስለዚህ ጉበት ትእዛዝ አይደርሰውም፣ ሲአርፒውም አይነሳም። በ2021 ኖርዌይ ውስጥ በ199 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ለአደጋ ከተጋለጠው ጡንቻ የተረፈው ድርሻ ጨመር ማለቱን አሳይቷል። የጠባሳው የመጨረሻ ስፋት ግን በእርግጠኝነት ተለየ ለማለት አላበቃም።

ካንቶስ የተባለው የ2017 ጥናት ሌላ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ከዚህ ቀደም ሃርት አታክ የያዛቸው ከ10,000 በላይ ሰዎች ካናኪኑማብ የሚባል መርፌ ተሰጣቸው ወይም ባዶ መርፌ። ኮሌስትሮላቸው አልተነካም፤ ብግነቱ ብቻ ነው የበረደው። በአንዱ መጠን ቀጣይ የልብና የአንጎል አደጋ በ15 በመቶ ቀነሰ። ብግነት ራሱን የቻለ ተዋናይ መሆኑን የዚህን ያህል ያሳየ ሥራ አልነበረም። በአንጻሩ ለሞት ያበቃ ኢንፌክሽን ከፍ ብሎ ታየ። መከላከያህን ስትነካ ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚያ ኮልቺሲን አለ፤ የሪህ መድኃኒት፣ ጥንታዊና ርካሽ። በ2019 በ4,745 ሰዎች ላይ በወጣው ጥናት ጥቅም አሳየ፦ አደጋ የገጠማቸው ከ100 ሰው 7.1 የነበረው ወደ 5.5 ወረደ። ሁሉም ተደሰተ። በ2024 ደግሞ ከ7,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ሌላ ጥናት ምንም ልዩነት የለም አለ። ልብ በሉ፤ በዚህ ጥናት ኮልቺሲን የወሰዱት ሰዎች ሲአርፒ ዝቅ ብሎ ነበር። ቁጥሩ ወረደ፣ ሰዎቹ ግን አልተጠቀሙም። ስለ ማሽኑ ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው። «ሲአርፒን በግማሽ ቀነሰ» የሚል ዜና ስታነቡ የተነገራችሁ ሲሊንደሩ እንደሚሠራ ነው። ልቡ ስለመትረፉ ገና አልተነገራችሁም።

ሲአርፒ ሲወጣ ሰውነት ያለ ጠባቂ አይቀርም?

አፌሬሲስ ከመድኃኒቶቹ የሚለይበት አንድ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ለአጭር ቀናት ነው፤ ሙሉ በሙሉም አያጠፋውም። ነጭ የደም ሴሎቹ አይነኩም። ማሽኑ ከቆመ በሰዓታት ውስጥ ጉበት መልሶ ይተካል።

የሚያስቸግሩት ቀለል ያሉ ነገሮች ናቸው። ሲትሬት ካልሲየምን ስለሚይዝ ከንፈርና ጣት ላይ መደንዘዝ ወይም መንዘር ይመጣል፤ ካልሲየም ሲሰጥ ይቀላል። የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። መርፌ የገባበት ቦታ ይደማል፤ በተለይ ስቴንት የገባለት ሰው ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን ስለሚወስድ። አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ሐኪሞች ኢንፌክሽን ለመጠርጠር የሚያዩት ሲአርፒን ነው። ማሽኑ ካወረደው በኋላ ዝቅ ያለ ቁጥር አይቶ «ደህና ነው» ማለት ያሳስታል።

የእኔ ሲአርፒ ከፍ ብሏል፤ ላስወጣው?

አይ፣ አታስወጡት። ይህ ሕክምና የታሰበው ሃርት አታክ ከያዘ በኋላ ላሉት ጥቂት ቀናት ነው። ጉንፋን፣ የጥርስ ኢንፌክሽን፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፤ እነዚህ ሁሉ ሲአርፒን ከፍ ያደርጋሉ። በእነዚያ ጊዜ የሚፈለገው ምክንያቱን ማግኘት ነው። ሃርት አታክ ለያዘው ሰውም ቢሆን አፌሬሲስ የተለመደ ሕክምና አይደለም።

«ብግነት ከሆነ እኔም የብግነት መድኃኒት ልውሰድ» የሚል አይጠፋም። ይሄ አደገኛ ነው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ከሃርት አታክ በኋላ አይመከሩም፤ ሌላ ሃርት አታክ የማምጣት ዕድልን ይጨምራሉ። ሐኪም ያዘዘው አስፕሪን ከዚህ ውጭ ነው። እሱ የሚሰጠው ደም እንዳይረጋ ነው፤ ማቋረጥም አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሰዓቱን ነገር አስተውሉ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ በላብ የሚያጠምቅ ሕመም ሲጀምር ሲአርፒ ገና አልተነሳም። በዚያች ሰዓት ብትለኩት ቁጥሩ የጤነኛ ሰው ነው። ጉበት መልእክቱ ደርሶት እስኪነሳ ወደ 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ጡንቻው ግን በ20 ደቂቃ መሞት ይጀምራል። ማሽን ላይ ለመውጣት የሚበቃ ሲአርፒ ደም ውስጥ ሲገኝ፣ የተዘጋው ደም ሥር ካልተከፈተ የሚተርፈው የተሰነጠቀ ቤት ብዙም አይቀርም።